ከጀልባዋ ታንከር የተቀዳ

ጀልባዋ ትሸታለች። ይህን ለስለስ አድርጎ ለመናገር የሚቻል አይመስለኝም። እትዬ ገና እግሯን ከማሳረፏ አፍንጫዋን የመታት ነገር እርጥብ ፍራሽ፣ የከረመ ናፍጣና የማታውቀው ሰው ካልሲ አንድ ላይ የተቀቀሉ ያህል ነበር። ሲከራዩ ፎቶ ላይ ያየቻት ጀልባ መስኮቷ ላይ ቀይ አበባ የደረደረች፣ ጥርት ባለ ውሃ ላይ የተንሳፈፈች ነበረች። አበባው ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። የሚሄዱበት ቦይም አረንጓዴ ቅባት ለብሶ፣ የዳክዬ ኩስና ያገለገለ ዳይፐር ተሸክሞ ከጀልባዋ እኩል እየተጎተተ ይሄዳል።

«አየሩን ሳቢ እንጂ! እንዲህ ያለ አየር የት ታገኛለሽ?» አላት ባሏ ደረቱን ነፍቶ።

እሷ ደግሞ አየሩን ላለመሳብ ነበር የምትታገለው።

ባሏን ሰው ሁሉ አለቃ ነው የሚለው። ጋራዥ ሲያስተዳድር ያረጀ መካኒክ ነው፤ ሞተር ድምፁን ሰምቶ በሽታውን የሚናገር፣ በሕይወቱ አንድም ቀን «ተሳሳትኩ» ሲል ያልተሰማ ሰው። እሷን ደንበኞቿ እትዬ ይሏታል። የልብስ ስፌት ቤት አላት። ነጭ ጨርቅ ከመንካቷ በፊት እጇን የምትታጠብ፣ መቀሷን ለወለደቻት እናቷ እንኳ የማታውስ ሴት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃ ጋራዡን ለልጃቸው አስረክቦ፣ ከከተማ ርቆ ቤት ሠርቷል። እሷም ስፌት ቤቷን ለባልደረባዋ ለቃ አብራው እንድትገባ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ስፌት ቤቷን ስታስብ ሆዷ ይባባል፤ በጠየቃት ቁጥር «እስቲ እናያለን» እያለች ስታንከባልለው ከረመች። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ አገር እንይ። ከተማ እንቀመጥ፣ በጀልባ እንንሸራሸር፣ ደግሞ ሌላ ከተማ እንቀመጥ። እረፍት ምን እንደሚመስል ቅመሺውና ቁርጡን ንገሪኝ» አላት። እሷም ቁርጡን ልትነግረው ቃል ገብታ ነው አውሮፕላን የተሳፈረችው።

የመጀመሪያው ከተማ ደህና ነበር። የሆቴሉ ምንጣፍ የሰው እግር እግር ቢሸትም፣ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚውሉ ቻለችው። ጀልባዋ ውስጥ ግን ማምለጫ የለም። ባልና ሚስት ሆነው ሲኖሩ እሱ በጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። እንዲህ ከንጋት እስከ ማታ ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ውለው አያውቁም። እሷ ቁርስ ስትበላ እሱ ፊት ለፊቷ ተረከዙን ይፍቃል። ጥፍሩን ሲቆርጥ ቁራጩ ተስፈንጥሮ ሰሃኗ ሥር ይገባል። ሳሙናው ላይ ሁልጊዜ አንድ የሱ ፀጉር አለ፤ ብታነሳው ሌላ ይመጣል። «ይህን ሰውዬ ነው እንዴ ስወደው የኖርኩት?» አለች በሆዷ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች።

ጀልባዋን የሚነዳት ራሱ አለቃ ነው። አከራዩ ስለ ውሃው ሊያስረዳው ሞክሮ ነበር፤ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ጎማ ይህ ነው፣ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ የሚታጠብበት ያኛው ነው፣ እያለ በእጁ ሲያሳይ አለቃ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አሰናበተው። የአገሩን ቋንቋ ትንሽ ትንሽ ስለሚሞክር ለእሷም እሱ ነው አስተርጓሚዋ። «ለኔ ነው የቧንቧ ትምህርት የሚሰጠው!» ብሎ ሳቀላት።

በማግስቱ የውሃ በር ጋ ደረሱ። ቦዩ ዳገት የሚወጣው በውሃ በር ነው፤ ጀልባዋ በሁለት በሮች መሃል ትገባለች፣ ውሃው ይሞላል፣ እሷም ከፍ ትላለች። ጠባቂዋ ቦቲ ጫማ ያደረገች ጎልማሳ ሴት ነበረች። ጀልባዎች ሽንት ቤታቸውን የሚያስመጥጡትም፣ የመጠጥ ውሃ የሚሞሉትም እዚያው ነው። እትዬ ድንች እየላጠች በመስኮት ስታይ፣ አለቃ ሽንት ቤቱን አስመጥጦ ሲያበቃ እዚያው አጠገቡ የተጋደመውን አረንጓዴ ጎማ አንስቶ የመጠጥ ውሃው ታንከር አፍ ውስጥ ሰካው። ከጎማው ጫፍ ቡናማ ነገር ይንጠባጠባል።

«አንተ፣ ያ ጎማ ንጹሕ ነው?»

«ዝገት ነው ባክሽ። ጎማ ምን ንጹሕና ቆሻሻ አለው!»

በሩን አልፈው ለምሳ ሲቆሙ፣ አለቃ ገመድ ረስቶ ኖሮ በእግሩ ተመለሰ። ጠባቂዋ ስታናግረው እትዬ ከሩቅ አየች። ሴትዮዋ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። ሲመለስ፣ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ነበር።

«ምን አለችህ?»

«ምን ትላለች? መልካም ጉዞ፣ ሚስትህ ታምራለች ነው ያለችው።»

እትዬ ሳታስበው ፀጉሯን ነካ አደረገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃ ሻይ ተወ። ሻይ ካልጠጣ ዓይኑ የማይገለጥለት ሰው «ልቤን እያቃጠለኝ ነው» ብሎ ተወ። ሰላጣ ስትሠራ «አላማረኝም» ይላል። ጥርሱን የሚፋቀው እሷ ከተኛች በኋላ ሆነ። እሷ ግን ቲማቲሙን ታጥባበታለች፣ አፏን ትጉመጠመጥበታለች፣ ሲሞቃት በብርጭቆ ሞልታ ትጨልጠዋለች። ጣዕሙ ደስ አይልም። የጀልባዋ ምኑ ደስ ይላል ብላ ነው የተወችው።

ከዚያ ታመመች። የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ አንድ ላይ ያዛት። ሽንት ቤቱ ጉልበት የማያስዘረጋ፣ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ያበቀለ ሳጥን ነው፤ በላይ ያስመልሳታል፣ በታች ያጣድፋታል። ፊቷን የግድግዳው ፕላስቲክ ላይ ለጥፋ በቤቷ ፍራሽ ላይ የምትሞትበትን ቀን ተመኘች። ሰውነቷ ራሱ አስጠላት። ዕድሜዋን ሙሉ ንጽሕናዋን ስትጠብቅ ኖራ በሰው አገር እንዲህ መሆኗ ከሕመሙ ይልቅ አንገበገባት።

«ዓሣው ነው። ያ ወደብ ላይ የበላሽው ዓሣ ነው» ይላል አለቃ ከላይ ሆኖ።

ትንሽ ሲሻላት ግን ወረደ። አጠገቧ በርከክ ብሎ የሆድ ሕመም ኪኒን በመዳፏ ላይ አኖረ፤ ከቧንቧው በብርጭቆ ውሃ ቀዳና፣ አንገቷን በክንዱ ደግፎ በገዛ እጁ አጠጣት። ግንባሯን በፎጣ ጠረገላት። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ» አላት። እትዬ እንባዋ መጣ። ተረከዙንም፣ ጥፍሩንም፣ ሳሙናው ላይ ያለውንም ፀጉር ይቅር አለች። ሲያረጁና ሲታመሙ ውሃ የሚያቀብል ሰው ነው እኮ የሚፈለገው፣ ስፌት ቤት ውሃ አያቀብልም፣ ብላ አሰበች።

«እሺ፣ እገባለሁ» አለችው። «ቤትህ እገባለሁ።»

አለቃ ግንባሯን ስሞ ወደ መሪው ወጣ። ሲያፏጭ ተሰማት። በዚያው ቀን ለልጃቸው ደውላ፣ ስፌት ቤቱን ባልደረባዋ እንድትረከብ ንገራት አለችው።

ጉዟቸው ደርሶ መልስ ስለነበር በመጡበት ቦይ ሲመለሱ ያ የውሃ በር ጋ ደረሱ። ቦቲ ያደረገችው ጠባቂ ከሩቅ ስታያቸው እጇን አውለበለበች። ጀልባዋ ስትቆም ቀጥታ ወደ እትዬ መጣችና እየተጨነቀች አንድ ነገር ጠየቀቻት። በእጇ የእትዬን ሆድ አመለከተች።

«ምን ነው የምትለው?» አለች እትዬ።

«ቀሚስሽን ወደደችው። ማን ሰፋው ነው የምትለው» አለ አለቃ። ፊቱ ግን ቲማቲም መስሏል።

ሴትዮዋ የራሷን ሆድ ይዛ ፊቷን አጨማደደች፤ አፏን ከፍታ የማስመለስ ድምፅ አሰማች። እንዲህ አድርጎ ቀሚስ የሚያደንቅ የት አገር ነው? እትዬ አልገባኝም ብላ ራሷን ስትነቀንቅ ጠባቂዋ እጇን ይዛ ወሰደቻት። አለቃ «እንሂድ፣ ሊመሽብን ነው!» እያለ ተከተላቸው፤ ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች።

አረንጓዴው ጎማ እዚያው ተጋድሟል። ከበላዩ ሰሌዳ አለ፤ ብርጭቆ ተሥሎበት በቀይ መስመር ተሰርዟል። ይህን ለመረዳት ቋንቋ አያስፈልግም። ጠባቂዋ ጎማውን አንስታ ሽንት ቤቱን ሊያጥብ ለመጣ አንድ ባለጀልባ ሰጠችውና እዪ ስትል ጠቆመቻት፤ ሰውዬው ማጠራቀሚያው ውስጥ እስከ ክንዱ ከትቶ አገላበጠው። ቀጥላ ወደ አለቃ ጠቆመችና የሚሮጥ ሰው እግር በጣቶቿ ሠራች፤ ተመልሶ መጥቷል ማለቷ ነው። ከዚያ ከኪሷ ታንከር የሚታጠብበትን ትልልቅ ኪኒን አውጥታ ለእሱ እንደሰጠችው አሳየች፤ ሁሉንም ውሃ ድፋ ብዬዋለሁ ስትል ባዶ ብርጭቆ እንደ መገልበጥ አደረገች። ጨርሳ፣ ታጥቧል አይደል? በሚል ዓይን አየቻት።

እትዬ ክው አለች።

ጀልባዋ ውስጥ ገባች። የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተችው። ኪኒኖቹ በላስቲካቸው እንዳሉ ተኝተዋል። ከሥራቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የታሸገ ውሃ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ግማሾቹ ተጠጥተው አልቀዋል። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን የዘጋው ለዚህ ኖሯል።

የቲማቲሙ ነገር ታያት፤ እሷ ስትበላ እሱ ሰሃኑን ገፋ አድርጎ ሲያያት። በጋራዡ አንድ ልማድ አላቸው። ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ ብሎን ከተረፈ ለባለመኪናው አይነገርም፤ አለቃው ኪሱ ይከተዋል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ካልተመለሰ ደህና ነበር ማለት ነው። ይህን አለቃ በየግብዣው ሲያወራ ሁሌም ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። አሁን ያ ሳቋ ራሱ ቀፈፋት።

ጀልባዋን ለአከራዩ መልሰው ወደ ሁለተኛው ከተማ ሲጓዙ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። እሱ ግን ሲያወራ ዋለ። ስለ አዲሱ ቤት በረንዳ አወራ፣ ስለ ጓሮው አወራ፤ ሲያወራ ጥርሱ መሃል የገባውን ሥጋ በጥፍሩ እየጎረጎረ ነበር። ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ውስጥ እንግዶች እየቀዱ የሚጠጡት ውሃ በጆግ ተቀምጦ አገኙ። አለቃ ፈጠን ብሎ በብርጭቆ ቀዳና አቀረበላት።

«ጠጪ፣ ደክሞሻል።»

ብርጭቆውን አየችው። የያዘውን እጅም አየችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎማውን መሳሳትህን ልተወው፤ ሰው ይሳሳታል። ፈርተህ መደበቅህንም ልተወው። ታምሜ መሬት ላይ ወድቄ ኪኒን ስትሰጠኝ፣ ሳጥንህ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ነበረህ። ለምን ከዚያ አልቀዳህልኝም?»

አለቃ ዓይኔን ግንባር ያርገው ሊል አፉን ከፈተ፤ መለሰው። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ፣ ግልጽ እንደሆነ ነገር ሁሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት።

«ከየት አመጣኸው ብትዪኝስ?»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። እንዲያውም ትንሽ የተበደለ ይመስላል። እትዬ ፊቱን ፈለገችው፤ አንዲት የኀፍረት ጭረት ብታገኝ ምናልባት ትይዛት ነበር። አላገኘችም።

«ደግሞ አልሞትሽም» አላት ብርጭቆውን ይበልጥ ወደ እሷ እያስጠጋ። «ይኸው ደህና ሆነሻል፤ ምን አካበድሽው?»

«ስለ ቤቱ የሰጠሁህ ቃል ቀርቷል» አለች እትዬ። «ከእጁ ውሃ የማልጠጣው ሰው ጋ አልገባም። ለልጃችን አሁን ደውዬ እነግረዋለሁ።»

«ሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

ጥላው ወደ እንግዳ ተቀባዩ ሄደች። ሰውዬው በአገሩ ቋንቋ ስንት አልጋ እንደሚፈልጉ ጠየቃት። ቋንቋውን ባታውቅም ጥያቄው ገብቷታል፤ አንድ ጣቷን አቆመች፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች።

አለቃ ብርጭቆውን እንደያዘ ከኋላዋ ደርሶ እየሳቀ ማስተርጎም ጀመረ፤ ባልና ሚስት ነን፣ ለሁለት ሰው ነው፣ ደክሟት ነው የሚል ይመስላል። እንግዳ ተቀባዩ እሱን ሰማ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ እሱን አየ።

እትዬ ጣቷን አላወረደችም። ሰውዬው አንድ ቁልፍ አንስቶ ለእሷ ሰጣት።