ለሥራ ሰዓት የሚሆን ደራሲ

በስፌት ክፍላችን ስድስት ማሽን አለ፤ አንባቢ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሥራዬ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ መትከል ነው። ድምፄ ከማሽን ጩኸት በላይ ስለሚሰማ ግን ባልደረቦቼ ቁልፎቼን ተከፋፍለው ይተክሉልኛል፣ እኔም መሀል ተቀምጬ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ።

ምርጫቸው እንደ መልካቸው ነው። እጅጌ የሚሰፋው ሰውዬ የወንጀል ታሪክ ከሚጽፈው ደራሲ ሌላ ሰው አይታየውም፤ "ምዕራፍ ሲዘጋ በር ከፍቶ ነው" ይላል። ጨርቅ ቆራጩ ደግሞ ስለ ፍቅር የምትጽፈዋን ሴትዮ ይወዳል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሁለቱንም እውነተኛ ታደርጋቸዋለች፤ "እኔ ቤት ተደብቃ የጻፈችው ነው የሚመስለኝ" እያለ ያስቃል።

የኔው ደራሲ ሽማግሌ ነው። የሚጽፈው ስለ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ስለ በር ጠባቂ፣ ስለ ጫማ ሰፊ ነው፤ በአንዳቸውም አያፌዝም። ቧንቧ የሚጠግነው ሰው እጁ ውሃ ውስጥ እያለ ልቡ የት እንደሆነ ያውቃል። እሱን ሳነብ፣ እኔንም አንድ ሰው ከነቁልፌ ያየኝ ይመስለኛል።

ግን ማን ይስማኝ? ኮሌታ ሲሰፉ ሃያ ዓመት ስለኖሩ "እትዬ ኮሌታ" ስማቸው ሆኖ የቀረው ሴትዮ፣ ሽማግሌውን ባነሳሁ ቁጥር "እሱን ተይው፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!" ይሉኛል። እኔም አኩርፌ ወደ ነፍሰ ገዳዩ ታሪክ እመለሳለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ተመላሽ ሸሚዞች ታቅፋ ገባች። ቀናቸውን አመሳክራ ደርሳበታለች፤ ገዳዩ ሊያዝ በተቃረበ ቀን የተሰፋው ስፌት ሁሉ እንደ እባብ ይጥመለመላል።

"ከዛሬ ጀምሮ ንባብ የለም" አለች።

የማይለምን አልነበረም። እኔማ ያለ ንባብ በዚያ ክፍል ቀኑ እንዴት እንደሚመሽልኝ እያሰብኩ ከሁሉም በላይ ለመንኩ። በመጨረሻ ልቧ ራራ። "አንድ ሳምንት እሰጣችኋለሁ። አንድ የተበላሸ ሸሚዝ ካገኘሁ ግን በቃ፣ አለቀ። እጅ የማያስት ደራሲ አላችሁ?"

"ሽማግሌው!" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

"እሱ እቴ!" አሉ እትዬ ኮሌታ፤ "በሱ መጽሐፍ ትንኝም አትሞት።"

ደራሲዬ በንቀት ተመረጠ። ቅር ቢለኝም ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሦስት ቀን አንድም ሸሚዝ አልተመለሰም። ሐሙስ መጽሐፉ ውስጥ ለዓመታት የተኳረፉት ወንድማማቾች ጋ ደረስን። ታናሽየው ጣሪያ ጠጋኝ ነው። የታላቁ ቤት ማፍሰሱን ሰምቶ ሳይጠራ መጣ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ መሰላሉን አቁሞ ወጣ። ታላቅየው ከቤት ወጥቶ ቀና ብሎ አየው። የመሰላሉን እግር ያዘለት።

አንድ ማሽን ቆመ።

"ያዘለት?" አሉ እትዬ ኮሌታ። ከእህታቸው ጋር ስድስት ዓመት እንዳልተነጋገሩ ሁላችንም እናውቃለን።

"አዎ፣ ያዘለት።"

"እሰይ" ብለው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ተቆጣጣሪዋ አንድ ሸሚዝ ይዛ መጣች። ኮሌታው ተገልብጦ ተሰፍቷል።

"እትዬ፣ ከእርስዎ እጅ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም እኮ" አለች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልጅቷን እንዳትነኪያት።"

"የሐሙስ ሥራ ነው። ሐሙስ ምን ነበር የተነበበው?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። "እስቲ አንብቢልኝ።"

ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ። መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩላት። ሸሚዙን ክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች መሰላሉ እስኪያዝ ድረስ ቆማ ሰማች፤ ከዚያም በኋላ ቆየች።

"እንዲህ ያለ ገጽ ሲመጣ ለዕረፍት ሰዓት አቆዩት" አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። "ሌላውን እየሠራችሁ ስሙ።"

እጅጌ ሰፊው አጨበጨበ። እኔም መጽሐፉን አቅፌ ሳቅሁ። እትዬ ኮሌታ ብቻ ፊታቸውን አኮሳትረው ሸሚዙን ከተቆጣጣሪዋ ተቀበሉና ኮሌታውን መተርተር ጀመሩ።

"ፍርድሽ ባልከፋ፣ ልጄ" አሉ፤ "እንዲህ ያለው ገጽ ሁሉ ለዕረፍት ከቆየማ ከሽማግሌው ለሥራ ሰዓት ምን ይተርፈናል?"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።