ጉዮ ከቦሪ ያመጣው ቄጠማ

ጉዮ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከባድ መኪና ሞያሌና ናይሮቢ ሲመላለስ ኖሮ ጉልበቱ ሲከዳው በኬንያው በኩል ሞያሌ ካለው ቤቱ ዋለ። ሚስቱ ምንታምር የሀዋሳ ልጅ ናት። የባሏ ቋንቋ ቦረንኛው እስከ ዛሬ ስላልሰመረላት በቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነው።

ከቤታቸው በታች የመንገዱ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ኩሬ አለ። ዳሩ ከመራቆቱ የተነሳ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ እየተናደ ይገባበት ነበር። ከብቶቹ የሚጠጡት ውሃ ሳይሆን ቀይ ጭቃ ነበር። ዙሪያውንም ማቴንጌ የሚሉት መጤ እሾህ ወርሮት ነበር።

ሐይቅ ዳር ያደገችው ምንታምር ይህን እያየች ዝም ማለት አልቻለችም። የኩሬውን ኮሚቴ ከምትመራው ከሻምሳ ጋር ሆና የሰፈሩን ሴቶች አስተባበረች፤ ማቴንጌውን ከነሥሩ ነቀሉት። በቦታው ሀዋሳ በየግቢው የምታውቀውን ለስላሳ ሣር ከችግኝ ጣቢያ አስመጥታ ተከለች።

ጉዮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያያት ነበር።

"ምንቴ፣ ይሄ ሣር እዚህ አይኖርም" አላት።

"አንተ የምታውቀው የመኪና መሪ ነው፤ ስለ ሣር ምን ታውቃለህ?" አለች እየሳቀች።

እሱ ግን አልሳቀም።

በሚያዝያ የወረደው ዝናብ ሣሩን በአንድ ከሰዓት ጠርጎ ወሰደው። ምንታምር ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉዮ "ብዬሽ ነበር" አላላትም። ውሃ በሳፋ አምጥቶ፣ እንደምንም በርከክ ብሎ እግሯን ማጠብ ጀመረ።

"ልጅ ሆኜ ጎልቦ ሜዳ ላይ የአባቴን ከብት ስጠብቅ፣" አለ ቀና ሳይል፣ "የኩሬውን ዳር ይዞ የሚያቆመው ቄጠማ ነበር። ከፍ ብሎ ረጅሙ ሣር፣ ከዚያ ግራር። ማንም አልተከላቸውም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ከመኪናው ከወረድኩ ወዲህ እኔ የማውቀው ነገር ለሰው የሚጠቅም አይመስለኝም።"

ምንታምር ጭቃ በነካው እጇ ጉንጩን ያዘች። "ለኔ ይጠቅመኛል" አለችው።

በማግስቱ ጉዮ ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ተፈናጦ እህቱ ወዳለችበት ወደ ቦሪ መንደር ሄደ። የመንደሩን ኩሬ የሚጠብቁትን ሽማግሌዎች አስፈቅዶ ቄጠማ ከነሥሩ ቆፈረ። ሲመለስ ቄጠማውን የያዘውን እርጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ሸሚዙ ሁሉ ጭቃ ነበር።

"ባባ ጉዮ፣ ሙሽራ ነው እንዴ ያቀፉት?" አለች ሻምሳ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀችው ምንታምር ነበረች።

በርጩማ አወጡለትና ከዚያ ላይ ሆኖ ያዛቸው ጀመር። ቄጠማው ጎርፉ በሚገባበት አፍ ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተተከለ። የአገሩን ሣር ዘር ከፍ ካለው ቦታ ዘሩት። የግራሩን ፍሬ ከፍየል በረት አስለቀመ፤ ፍየል በልታ የጣለችው ቶሎ እንደሚበቅል ያውቃል። የተነቀለውን እሾህ አጥር አድርገው ለከብቶቹ አንድ መግቢያ ብቻ ተዉላቸው።

ከተተከለው ግማሹ ደረቀ። የቀረው ግን ሥር ሰደደ። የኅዳር ጎርፍ ሲመጣ ቄጠማው ውስጥ ገብቶ ተንገዳገደ፣ ጭቃውን እዚያው አራገፈ፣ ኩሬው ውስጥም በዝግታ ፈሰሰ። ከሳምንት በኋላ ላሞቹ ሲጠጡ የአፋቸው ጥላ በጠራው ውሃ ላይ ይታይ ነበር። እንቁራሪቶቹም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሰፈሩን በጩኸት ሞሉት።

ከጎልቦ ሰዎች ሥራውን ሊያዩ በመጡ ቀን ኮሚቴው የሚያስረዳቸው ጉዮ እንዲሆን ጠየቀ። እሱም ተላጭቶ የተተኮሰ ሸሚዝ ለበሰ። ምንታምር ኮሌታውን አስተካከለችለትና "ብዙ እንዳታወራ፣ ይሰለቻሉ" አለችው።

"ካበዛሁ ጎንተል አድርጊኝ።"

ተያይዘው ወደ ኩሬው ወረዱ። ያን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ፤ እሷም አንዴም አልጎነተለችውም።