የሞክሼው ዓሦች

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ቆጣሪዋ» ይሏታል። የትኛው መጽሔት ክብደት እንዳለው፣ የማን ጽሑፍ በስንት ሰው እንደተጠቀሰ የምትከታተለው እሷ ናት። ዕድገት የሚጠብቅ መምህር ሁሉ ደጅ ይጠናታል።

ባሏ የጉድጓድ ውሃ ተመራማሪ ነበር። ሲሞት የኢሜይል ሳጥኑን አልዘጋችውም። ጥቅስ የሚቆጥረው ድረ ገጽም መሞቱን የነገረው ስለሌለ ለባሏ መልእክት መላኩን ቀጠለ። አንድ ቀን «ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጽሑፉ ስለ ኩሬ ዓሣ ነው፤ የጸሐፊው ስም ግን ከነአባቱ የባሏ ነው። ባሏ ዓሣ መመርመር ይቅርና እሾሁን ፈርቶ ቀምሶም አያውቅም። እጇ ግን «የእኔ ነው» የሚለውን ተጫነ።

ከዚያ በኋላ ዓሦቹ ተከታትለው መጡ፤ ሁሉንም ተቀበለቻቸው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ ሳጥኑን ትከፍታለች፤ ከድረ ገጹ ሌላ የመጣ ደብዳቤ አታነብም። «አዲስ ጥቅስ አለዎት» ይላል። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ስሙን ጠርቶታል ማለት ነው። ቀኑን የምትገፋው በዚያ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ የያዘ ወፍራም መምህር ገባ።

«እህቴ፣ አንድ ሞክሼ አለኝ» አለ ሳይቀመጥ። «ስሜን ቢወስድ ግድ የለኝም፤ ዓሦቼን ወሰደብኝ እንጂ።»

ቆጣሪዋ አልሳቀችም። «ምን ገጠመዎት?»

«የዕድገት ኮሚቴው ገጼን ቢከፍት ባዶ። የጻፍኩት ሁሉ እሱ ገጽ ላይ ተሰልፏል። አርብ ይሰበሰባሉ፤ ዘንድሮም ካለፈኝ ጡረታዬ ይቀድመኛል። ለሰውየው ጻፍኩለት፣ አይመልስም። ኩራተኛ ነገር ነው መሰለኝ።»

«ኩራተኛ አልነበረም» አለች። ከአፏ አመለጣት።

«ያውቁታል እንዴ?»

«ባለቤቴ ነው።»

«አይ የኔ ነገር፤ አፌን ሳልሰበስብ። ታዲያ ማታ ሲገባ አንድ ቃል ቢነግሩልኝ…»



«አርፏል» አለች። «‹የእኔ ነው› እያልኩ የምጫነው እኔ ነኝ። ስሙ ከሚጠፋ ብዬ ነው እንጂ እርስዎን ልጎዳ አልነበረም።»

መምህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ነፍስ ይማር» አለ ቀስ ብሎ። አክሎም፣ «እኔ እኮ የእሳቸውን የጉድጓድ ጥናት አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያውን የኩሬ ጽሑፌን ስጽፍ እሱን ነው የተደገፍኩት፤ ጠቅሻቸዋለሁም» አላት።

«እሱን የጠቀሱትን ሰዎች ሁሉ አውቃለሁ» አለች። «እርስዎ የሉበትም።» ሊያጽናናት የፈጠረው መሰላት።

ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዞረችና ዓሦቹን አንድ በአንድ መመለስ ጀመረች። «የእኔ አይደለም» ስትል፣ ድረ ገጹ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላታል። እርግጠኛ ነኝ ትላለች። በእያንዳንዱ ምላሽ የባሏ ገጽ ላይ የጥቅሶቹን ብዛት የሚያሳየው መስመር ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ጉድጓዶቹ ብቻ ቀሩ፤ ሰው ካነሳቸው ዓመታት አልፈዋል። መምህሩ ጃንጥላውን አንስቶ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዷ ኮቷን ሳታወልቅ ሳጥኑን ከፈተች። ምንም አልጠበቀችም። «አዲስ ጥቅስ አለዎት» ይላል።

የጠቀሰው የመምህሩ የመጀመሪያ የኩሬ ጽሑፍ ነበር። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆነው በተመዘገቡበት ጊዜ ሁሉ፣ ድረ ገጹ ባሏ ራሱን የጠቀሰ መስሎት ሳይቆጥረው ቀርቷል። ስትለያያቸው ነው የታየው። ጽሑፉን ከፍታ ቦታውን ፈለገች። የባሏ ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል አለ፤ ከጎኑ ስለ ውሃው ጥልቀት ያለው ሐሳብ፣ እሱ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ በጣቱ እየሳለ ያስረዳት የነበረው።

ደግማ አነበበችው።

በሚቀጥለው ሰኞ ሳጥኑ ባዶ ነበር። ኮቷን አውልቃ ሰቀለችና፣ ደጅ የሚጠናትን ሌላ መምህር «ይግቡ» አለችው።