ያፈረችበት ብስክሌት

ብስክሌቱን ለሰብለ ወንጌል ጥሎላት የሄደው አንድ የመንገድ ቀያሽ ነው። ወባ ጥሎት ቢቸና ክሊኒክ ሲተኛ ያስታመመችው የክሊኒኩ ነርስ እሷ ነበረች፤ ድኖ ወደ ደጀን ሲመለስ፣ «ተጠግኖ ለመሄድ ከበቃ ያንቺ ይሁን» አላት። እንኳን ሊሄድ የሚቆምም አይመስልም ነበር። ቸርኬው ተጣሟል፤ ጎማው ተበልቷል፤ ሰንሰለቱ ዝጎ ድርቅ ብሏል። እሷ ግን ገና ስታየው ያሰበችው እማማ ስንቄን ነው። እማማ ስንቄ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሜዳው ማዶ የሚኖሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው ባልቴት ናቸው። መርፌያቸውን በየቀኑ መወጋት አለባቸው፤ እሳቸው መምጣት አይችሉም፤ እሷ በእግሯ ደርሳ ስትመለስ ደግሞ የክሊኒኩ በር በሕመምተኛ ተጨናንቆ ይጠብቃታል።

ጊዜው የስልሳ ሦስት ክረምት ነው። ባሏ ቢሆነኝ የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ስለሆነ ዕረፍት ላይ ነበር። እሷ ከሥራ ስትገባ ሁለቱም በረንዳው ላይ ብስክሌቱን ከበው ይቀመጣሉ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሷ ትፈታለች፤ እሱ ብሎኑን በጣሳ ይሰበስባል። ኩሽኔታዎቹን በላምባ አጥባ ግራሶ ቀባቻቸው። ብስክሌቱን ገልብጣ ከቸርኬው አጠገብ ክር ወጠረችና፣ ቸርኬው ሲሽከረከር ክሩን በነካ ቁጥር ሽቦዎቹን አንዱን እያጠበቀች ሌላውን እያላላች አቀናችው። ለፍሬኑ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጣ ገጠመችለት። አዲሱን ጎማ ቢሆነኝ ደጀን ድረስ ሄዶ በሾፌሮች በኩል አፈላልጎ አመጣላት።

ጠግና ብቻ አልተወችውም። ኮርቻው ቆንጥጦ የሚይዝ ቢሆንባት በጥጃ ቆዳ አልብሳ ሰፋችው። ከኋላው የላሜራ መጫኛ ሠርታ፣ የመርፌ ዕቃዋ እንዳይሰበር ጥጥ የተነጠፈበት ሣጥን አሰረችበት። ለራሷም ከቀሚሷ ሥር የምትለብሰው ሱሪ አዘጋጀች።

ሠፈሩ ማውራት ጀመረ። ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ብረት ላይ ልትወጣ ነው ተባለ። ወሬው ሲደርሳት ሰብለ ወንጌል ቅር ብሏት ለቢሆነኝ ነገረችው። እሱ ሳቀ።

«የማንን አፍ ትፈሪያለሽ? ሚስቴ ነሽ። እኔ ካልኮራሁብሽ ማን ሊኮራብሽ ነው?»

ያን ቀን ከዚህ ሰው ጋር እንደምታረጅ እርግጠኛ ሆነች።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ጠገግ ሲል መንዳት ጀመረች። ወደቀች፤ ክንዷ ተላጠ፤ ለመደችው። እማማ ስንቄ ከሩቅ ሲያዩዋት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቋታል። «ልጄ፣ ይኼ በቅሎሽ ገብስ አይበላ፣ ውኃ አይጠጣ፤ ምን ጣጣ አለው!» እያሉ ይስቃሉ። ሳላቸው ቀለለ፤ ፊታቸው ወዝ አገኘ።

ጥቅምት ላይ ቢሆነኝ፣ «ለጉዳይ ሞጣ መሄዴ ነው። እዚያ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ አለ አሉ፤ ብስክሌቱን ልውሰደውና መብራት ላስገጥምልሽ» አላት። ሰብለ ወንጌል ደስ አላት። አጥባ ወልውላ፣ ጎማውን ነፍታ ሰጠችው። የጭነት መኪና ላይ ሲያስሩት ቀለሙ እንዳይላጥ ጨርቅ ጠቀለለችለት።

ቢሆነኝ ባዶ እጁን ተመለሰ። «ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆይ አሉኝ» አላት። ሳምንቱ በሳምንት ተተካ። ስትጠይቀው፣ «እየመጣ ነው፤ ምን አቻኮለሽ?» ይላታል። እሷም እንደ ቀድሞው በእግሯ ትኳትን ጀመር። አንዳንድ ቀን ሥራ ሲበዛባት ሳትሄድ ትቀራለች፤ የእማማ ስንቄ ሳልም ተመለሰ። በዚህ መካከል የቢሆነኝ ሹመት ተሰማ፤ ሞጣ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሊሆን ነው። ጎረቤት እልል አለ። ሰብለ ወንጌልም ከልቧ እልል አለች።

ኅዳር ውስጥ መድኃኒት እንድታመጣ ሞጣ ተላከች። ከመኪና ወርዳ ስታልፍ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ብስክሌቷን ግድግዳ ተደግፎ አየችው። ኮርቻውን ስታይ የሰፋችው እጇ አወቀው። የሠራተኛው ቤት መስሏት ፈገግ እያለች ገባች። በረንዳው ላይ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጠዋል።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ። ይኼን ብስክሌት የሚሠራው ሰው እዚህ ነው?»

«ኧረ የኛ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። የሺእመቤት ይባላሉ፤ ባለቤታቸው ግራዝማች የሻው ለሹመት ቃላቸው የሚሰማ የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። «ከቢቸና አንድ መምህር ለግራዝማች ያመጣው ነው። በገዛ እጁ ሠርቶ ለሚስቱ ቢሰጣት፣ ‹የሰው መሳቂያ አልሆንም፣ አፍርበታለሁ፣ ከቤት አውጣልኝ› ብላ አስቸገረችው አሉ። ሐኪም ቤት የምትሠራ ናት። ተምራ እንኳ እንዲህ!»

ሰብለ ወንጌል ብስክሌቱን ዞራ አየችው። ሣጥኗ ተፈትቶ ወድቋል፤ መብራት የሚባል ነገር የለም። ቢሆነኝ ብስክሌቱን ቢለምናት ምናልባት ራሷ በሰጠችው ነበር። «አፈረችበት» ማለቱ ግን እሳት ሆኖ ወረደባት።

«እመቤቴ፣ ያቺ ሚስት እኔ ነኝ። የሠራሁትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን አላፈርኩበትም።»

ግራዝማች ድምፅ ሰምተው ወጡ። ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «የተሰጠ ነገር ይመለሳል እንዴ?»

«የሰጠዎት ሰው የራሱን አልሰጠዎትም፣ ጌታዬ።»

«ትውሰደው» አሉ ወይዘሮ የሺእመቤት ድንገት ተነሥተው። «በሐሰት የመጣ ዕቃ በቤቴ አይደር።»

ግራዝማች ሚስታቸውን አዩ፣ ሰብለ ወንጌልን አዩ። «ውሰጂው እንግዲያ። ባልሽ ግን ወንበሩን ይርሳው።»

ሰብለ ወንጌል ሹመቱ የቢሆነኝ የዘመናት ምኞት እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም መሪውን ይዛ ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች።

ቢቸና ስትደርስ ቢሆነኝ ብስክሌቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አደረግሽ? ገደልሽኝ እኮ! ለማን ብዬ መሰለሽ? ላንቺው ኑሮ አይደል?»

«አፈረችበት ያልከውስ ለማን ብለህ ነው?»

ቢሆነኝ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ሽማግሌ ገባ። መሪጌታ አምባቸው፣ ሁለቱንም ያጋቡ አባት፣ «ምን ይካስሽ ልጄ?» አሏት።

«ካሣ አልፈልግም፣ አባቴ። ሞጣ ሄዶ፣ ያን ቃል በተናገረበት ቤት፣ ‹ዋሽቻለሁ› ይበልልኝ። ከዚያ በኋላ ቂም የለኝም።»

«ሌላ ነገር ጠይቂኝ» አለ ቢሆነኝ።

ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም። መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጥር ላይ ቢሆነኝ የጥኖራ ወደምትባል ሌላ ከተማ ተዛውሮ ብቻውን ሄደ።

እማማ ስንቄ መርፌውን እንደ አዲስ ጀምረው ከብዙ ድካም በኋላ ዳኑ። ሰብለ ወንጌል ሜዳውን ስታቋርጥ፣ ሰዎች «ብስክሌት ከባሏ ያስበለጠች» ሲሉ ትሰማለች። እሷን የሚቆረቁራት ሌላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ለፊት ሲያመሰግናት፣ «ዞር ስል ደግሞ እንደ ቢሆነኝ ምን ብሎ ያወራብኝ ይሆን?» ማለት ለምዳለች።