የአገርነሽ ድምፅ

ሐመልማል ቂም መያዝ እንደምትችል ራሷም አታውቅም ነበር፤ ዘረሰናይ እስኪያስተምራት ድረስ።

በፍቅር ሳሉ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቷ ቤት፣ የሳሎኑን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍነው የድሮ የሆሊውድ ፊልሞችን ንግግር በአማርኛ ተክተው ይቀርጹ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን፣ ጥቁርና ነጮቹን፤ ባርኔጣ የደፉ ወንዶች በዝናብ የሚሄዱባቸውን፣ ሴቶች ባቡር ጣቢያ ቆመው ከጦር ሜዳ የሚመለስ ሰው የሚጠብቁባቸውን። ተርጓሚዋ እሷ ነበረች። ወንዶቹን ዘረሰናይ፣ ወጣት ሴቶቹን እሷ፣ አሮጊቶቹን ደግሞ እናቷ ወይዘሮ አገርነሽ ሆነው ይናገራሉ። ልጇን ወደ ጦርነት የምትሸኝ አሜሪካዊት እናት ስትመጣ አገርነሽ «ሂድ ልጄ፣ የእናቴ አምላክ ይከተልህ» ይሉና የምራቸውን ያለቅሱ ነበር። የዩቲዩብ ተመልካች የጎረፈውም እሳቸውን ብሎ ነው።

አገርነሽ ባረፉ በዓመቱ ዘረሰናይ ሐመልማልን ትቶ ሃኒ የምትባል ተዋናይት አገባ። ፊልሞቹንም በሃኒ ድምፅ እንደ አዲስ ቀረጻቸው። ትርጉሙ አንድ ቃል አልተለወጠም፤ ከሥሩ ግን የሱ ስም ብቻ ተጻፈበት። ሐመልማል ይህን ሁሉ ዋጥ አደረገችው። ደውላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የእማዬ ድምፅ ያለበትን የድሮውን ቅጂ ስጠኝ።»

«ከዩቲዩቡም ከኮምፒውተሩም አጠፋሁት እኮ» አላት ቀለል አድርጎ። «ቦታ ያዘብኝ።»

ቦታ ያዘብኝ! ያ ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ከረመ።

አንድ ቀን ዘረሰናይ ራሱ አቀበቱን ወጥቶ በሯን አንኳኳ። እንጦጦ ላይ ባለ አዳራሽ ፊልም ሊያሳይ ነው፤ ንግግሩን እዚያው ሕዝብ ፊት በማይክራፎን እየተናገሩ። ፊልሞቹን ሊወስዱ ያሰቡ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሰዎችም ተጋብዘዋል። ሃኒ ግን ጉንፋን ድምፅዋን ዘግቶባታል።

«ሐሙዬ፣ ካንቺ በቀር ቃሉን በቃሏ የያዘች የለችም። አደራሽን።»

«የቱ ፊልም ነው?»

«ሴትየዋ ሽጉጥ ይዛ የምትመጣበት።»

ሐመልማል ፈገግ አለች። «እመጣለሁ።»

በዕለቱ ባሕር ዛፉ ላይ ጉም ወርዶ ነበር፤ አዳራሹ ግን ጢም ብሏል። ሁለቱ ከስክሪኑ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐመልማል እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስ አንድ ቃል ሳታዛንፍ ሠራች። ሴትየዋ ያታለላትን ወታደር ሆቴል ክፍሉ ውስጥ አግኝታ ሽጉጧን ስታወጣ ግን፣ ሐመልማል ጽሑፉን ደፍታ አስቀመጠችው። ጽሑፉ «ይቅር ብዬሃለሁ» ነበር የሚለው።

የሴትየዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«የእናቴን ድምፅ የት አደረስከው?»

ዘረሰናይ ደንግጦ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ወታደሩ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«መልስ እንጂ፣ አፍህ እየተንቀሳቀሰ እኮ ነው! ጽሑፌን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። በኔ ስም ፋንታ ስምህን ጻፍክ፣ ዝም አልኩ። እናቴ አገርነሽ ሞታለች፤ የቀረችኝ ድምፅዋ ብቻ ነበረች። ለምን አጠፋሃት?»

ወታደሩ ደግሞ ተናገረ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ዘረሰናይ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፤ የሚለው ሲጠፋው አፉ ላይ የመጣለትን አወጣ።

«ቦታ… ቦታ ስለያዘ ነው።»

ድምፅ ማጉያው ቃሉን እስከ መጨረሻው ወንበር አደረሰው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሴትየዋ እያለቀሰች ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር ሐመልማል ቀስ ብላ፣ «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለች። «ጥይት ስለሚበዛብህ ነው።»

ዘረሰናይ ማይክራፎኑን ጥሎ ወጣ። ከቴሌቪዥን ጣቢያው የመጡት አቶ በዳዳ ከታዳሚው መሃል ወደ ተቀመጠችው ሃኒ ዘወር ብለው «እውነት ነው?» ሲሏት፣ በተዘጋ ድምፅዋ «የእናቷ ድምፅ መሆኑን አልነገረኝም» ብላ አንገቷን ደፋች። እሳቸውም ባልደረቦቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ ፊልሞቹን የመውሰዱ ጉዳይም በዚያው ቀረ።

ሐመልማል ስትወጣ ዘረሰናይ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል።

«አሁን ረካሽ?»

«ገና ነኝ» አለችውና ቁልቁለቱን ተያያዘችው።

ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌ ላከባት። የሰፈሩ አዛውንት አባባ ዓምደ ሚካኤል ሳሎኗ ገብተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሰውየው ተዋርዷል፣ ተጸጽቷልም። የሞተ ሰው ድምፅ በቂም አይመለስም።»

«አውቃለሁ አባባ። በእርቅም አይመለስም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲህ ልብሽን እግዜር ያራራው።»

«አሜን» አለች፤ ከልቧ።

ዝናቡ መንገዱን አሟልጮት ስለነበር ክንዳቸውን ደግፋ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻቸው። ዘረሰናይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። የኋላውን በር ከፍታ አባባን አስገባች፣ ነጠላቸውን በሩ እንዳይዘው ሰብስባ አስተካከለችላቸው፣ «ደህና ይግቡ» ብላ ዘጋችው። እሱን ቀና ብላም አላየችው።