የሮላንድ መውጫ ቀን

በእኛ መንደር ክሪኬት የሚባለውን የዱላና የኳስ ጨዋታ የምንጫወተው ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆነን ነው። ያን ቅዳሜማ አገሩ ሁሉ ህልም ውስጥ ገብቶ ነበር። ሙቀቱ በታጨደው ሣር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ማዶ ያሉት ላሞች አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ዳኛችን ባዚል ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ማንኮራፋቱ እንዳይታወቅበት አልፎ አልፎ ያስላል።

እኔ ከባዚል አጠገብ ዱላዬን ተደግፌ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከወዲያኛው ጫፍ የሚመታው ሮላንድ ፒችፎርድ ነው። ሮላንድ በጉብዝናው ዘመን ደመወዝ እየተከፈለው ለካውንቲያችን፣ ለአውራጃው ቡድን፣ ይጫወት ነበር። ታላቅ ተጫዋች ነበር ብል ራሱ ይስቅብኛል። የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፦ እሱን ከጨዋታ ማስወጣት የመንጋጋ ጥርስ እንደ መንቀል ነው፤ ከወጣም ከዳኛው ጋር ሳይጨቃጨቅ አይሄድም። በመጨረሻው ጨዋታው ግን ማንም አላስወጣውም። እየመታ ሳለ ዝናብ መጣ፤ ሁሉም ወደ መጠለያው ሮጠ፤ ዝናቡም ሳያባራ ዋለ። በሳምንቱ ካውንቲው አመስግኖ አሰናበተው።

“እኔ እኮ እስካሁን አልወጣሁም፤ ገና ጨዋታ ላይ ነኝ” ይላል መጠጥ ቤት ሲቀመጥ። እንስቃለን። ሚስቱ ሞሪን ግን አትስቅም። በእንቅልፍ ልቡ እዚያው ሜዳ ዳር ቆሞ ዝናቡ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ የምታውቀው እሷ ናት። “ይሄን ሁሉ ዘመን የተኛሁት ከዝናብ ጋር ነው” ትላለች።

ሰኞ ዳሌው በብረት ሊቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ዱላ እንዳይነካ ሐኪሙ ከልክሎታል። ስለዚህ ዛሬ መውጣት አለበት፤ ያውም በወጉ፣ ሰው አስወጥቶት።

ችግሩ፣ የምንጋጠማቸው የጎረቤት መንደር ሰዎችም ይወዱታል።

ወርዋሪያቸው ዳረን፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ለስለስ ያለች ኳስ ላከ። ሮላንድ ዘገየ። ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነክታ ከኋላው የተቀመጠው ያዥ ጓንት ውስጥ ገባች። ድምፁን ላሞቹም ሳይሰሙት አልቀሩም። ዱላ የነካች ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች አበቃ፣ ወጥቷል። ብቻ በዚህ ጨዋታ ዳኛ ሳይጠየቅ አይፈርድም፤ ተጋጣሚዎቹ “እንዴት ነው?” ብለው መጮህ አለባቸው። ማንም አልጮኸም። ያዡ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረ። ዳረን የታሰረ ጫማውን እንደገና አሰረ።

“ጠይቅ እንጂ!” አለ ሮላንድ።

“ምኑን፣ ሚስተር ፒችፎርድ?”

“ነክቻታለሁ! ድምፁን አልሰማህም?”

“ወፍ ይሆናል።”

“ባዚል! አንተስ?”

“እኔማ ሰምቻለሁ” አለ ባዚል። “ግን ስለራስህ ራስህ ልትጠይቅ አትችልም፣ ሮሊ።”

“በገዛ እግርዎ ይውጡ በቃ” አልኩት።

“ዳኛ ‘ወጥተሃል’ ብሎ ጣቱን ሳያነሳ ንቅንቅ ብዬ አላውቅም። በስተርጅና ልልመድ?”

ከሻይ ጠረጴዛው በኩል ሞሪን “እንዴት ነው?!” ብላ ጮኸች።

“ተመልካች አይቆጠርም!” አላት ባዚል።

“ካልሲውን ሳጥብ የኖርኩት እኔ ተመልካች ነኝ?”

ሮላንድ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር እንደለቀቁለት ሰው ፊቱ ቀላ። ቀና ብሎ ከሜዳው ወሰን ማዶ የቆመውን የዳረንን አዲስ መኪና አየ። ዱላውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ።

የሚቀጥለው ኳስ ሲመጣ ያ የዛገ ዳሌ እንደ በር ተከፈተ። ኳሷ ተነሳች። ከዛፎቹ በላይ፣ ከማማው ሰዓት ፊት፣ መውረድን የረሳች ይመስል እዚያው ቆየች። አንጋጠን ሌላ ዘመን ውስጥ ቆምን። ለካ ዝናቡ ሳይመጣ በፊት እንዲህ ነበር የሚመታው!

ከዚያ የመስታወት ድምፅ መጣ።

“መኪናዬን!” አለ ዳረን።

“ወፍ ይሆናል” አለ ሮላንድ።

ዳረን ከወትሮው አርቆ ሄዶ፣ ጥርሱን ነክሶ ተንደረደረ። በዚያች ኳስ ውስጥ ፍቅር የሚባል አልነበረም። የሮላንድን እግር ከነመከላከያው ጧ አደረገችው።

“እንዴት ነው!!” ዳረን በጉልበቱ ተንበርክኮ ጮኸ፤ ቡድኑም ሁሉ ተከትሎት ጮኸ።

ጥያቄው፣ እግሩ ባያግዳት ኳሷ ከኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ትመታ ነበር ወይ ነው፤ ከሆነ ወጥቷል። አትመታም ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ክንድ ያህል ትስታቸዋለች። ባዚል ግን ከእንቅልፉ ባንኖ ጣቱን አነሳ።

ሮላንድ ጣቱ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠበቀ። ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ።

“አንተ ዕውር!” አለ። “ይቺ ኳስ ሌላ ካውንቲ ነበር የምትገባው! መነጽርህን ላሞቹ ናቸው የበሉት?”

ሜዳውን እያነከሰ፣ እየተራገመ አቋረጠ። ዳረን እንኳ ያጨበጭብ ነበር።

“ምን ሆንክ?” አለችው ሞሪን ሻይ እየቀዳች።

“ዘረፉኝ!” አላት፤ ፊቱ በርቷል።

ሻዩን ሳይጨርስ፣ መከላከያው እግሩ ላይ እንደታሰረ፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሞሪን ጎንበስ ብላ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ዝናቡ አባርቷል መሰለኝ” አለች።