ማስቲሹ እስኪደርቅ

ሰውየው አርባ ዓመት ሊደፍን ነው። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል፤ ጉልበቱም ሲነሳ ሲቀመጥ ይንቋቋል። ታላቅ ወንድሙ ግን ዛሬም በደንበኛ ፊት «ማሙሽ» ነው የሚለው። «ማሙሽ፣ ለእመቤቲቱ ወንበሩን ጥረግላቸው!» «ማሙሽ፣ ከኋላ ያንን ግራጫውን ጨርቅ አምጣ!» ደንበኛውም፣ ጨርቅ ሰፊዋም፣ እንጨት የሚያመጣው አናጢም ይህንኑ ይዘው ቀሩ። እመቤቲቱ ደገፍ ብለው «ውይ ምቾቱ!» የሚሉለትን ሶፋ ቅርጹን ያወጣውም፣ ስፖንጁን የቆረጠውም ማሙሽ ነው። «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለው ግን ታላቅየው፣ ወንድም ጋሼ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ውጭ ሲሉት ማር፣ ቤት ሲሉት ሬት።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ያለው ያለቀላቸው ሶፋዎች የሚታዩበት ሲሆን ወንድም ጋሼ እዚያ ይቀመጣል። ከኋላ ያለው ስፖንጅ፣ ማስቲሽና የስፌት ማሽን ነው፤ ማሙሽና ሰፊዋ እዚያ ናቸው። በሁለቱ መሐል፣ በሩ ሥር፣ ኮምፒውተር አለ። የተገዛው ለደንበኛ የሶፋ ፎቶ ለማሳየት ነበር። ወንድም ጋሼ ግን ጌም አስጫነበት። ከአንዲት መንደር ተነስተህ፣ እርሻ አርሰህ፣ ከተማ ቆርቁረህ፣ ጦር አሰልፈህ ግዛት የምትገነባበት ጨዋታ ነው። የሚጫወቱት ተራ በተራ ነው። ያንተን ሠርተህ «ተራ ጨርስ» የሚለውን ስትጫን ጥቁር መጋረጃ ይወርዳል፤ ተነስተህ ወንበሩን ለሌላው ትለቃለህ።

ሥራ እንዳይፈታ ሕግ ያወጣው ወንድም ጋሼ ነው። አንደኛው ሲጫወት ሌላው ስፖንጅና እንጨት ማስቲሽ ይቀባል። ማስቲሽ እንደተቀባ አይለጠፍም፤ እስኪጠነፍፍ ይጠበቃል። ጣትህን አሳርፈህ ስታነሳ ክር ካልሳበ ደርቋል። ያን ጊዜ የቀባው «ደረቀ!» ብሎ ይጮኻል፤ ተጫዋቹ ጦሩን አዘዘውም አላዘዘውም ተራውን ይጨርሳል። ጥሩ ሕግ ነበር፤ ሕግ አውጪው ባይሰርቅበት ኖሮ። ማሙሽ የሚቀባው ሰው እንደሚቀመጥበት ሶፋ፣ ደህና አድርጎ ነው። ስለዚህ የወንድም ጋሼ ተራ ረጅም ነው። ወንድም ጋሼ ሲቀባ ግን እንደ ሽቶ ነካ ነካ አድርጎ ቬንትሌተሩን ያዞርበታል። ሰፊዋ አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣ «ጋሼ፣ ስፖንጁን ማስቲሽ ቀቡት ወይስ አስሸተቱት?» ብላዋለች።

እንዲህም ሆኖ ማሙሽ ጨዋታውን ይወደው ነበር። በስክሪኑ ጥግ ጢማም አማካሪ ብቅ ይልና «ጌታዬ፣ ጎተራችን ባዶ ነው» ይለዋል። ማሙሽን «ጌታዬ» ያለው ፍጡር በዚህ ዓለም ላይ እሱ ብቻ ስለሆነ የጎተራው ባዶ መሆን ብዙም አላስከፋውም።

ነገሩ የተነሳው ወንድም ጋሼ ከገበያው ማዶ ሁለተኛ ሱቅ የከፈተ ጊዜ ነው። ማሙሽ ሱቁን የሚመራው እሱ እንደሆነ ለራሱ ወስኖ፣ የትኛውን ሶፋ በየት በኩል እንደሚያስቀምጥ ሳይቀር አስቦ ጨርሷል። ወንድም ጋሼ የሚስቱን ወንድም ይዞ ከች አለ። ይህ አማች እስከዚያ ቀን ድረስ የሞባይል ሽፋን ሲሸጥ የኖረ ነው። ገና እንደገባ አዲስ ሶፋ ላይ ከነጫማው እግሩን ሰቀለ።

«ማዶ ያለውን ሱቅ የሚመራው እሱ ነው» አለ ወንድም ጋሼ።

«እኔስ?»

«አንተማ እጅህ ወርቅ ነው፣ ማሙሽ። ማዘዝ ግን አልፈጠረብህም። በጌም እንኳ አንዲት ከተማ መጠበቅ አቅቶህ አይደል የማሯሩጥህ?»

አማችየው ሳቀ። ሳቁ ነው ማሙሽን ያስቆረጠው።

«እንግዲያው እንጫወት» አለ። «አዲስ እንጀምር። ዋና ከተማው የተያዘበት ተሸነፈ። ካሸነፍኩህ ሱቁን እኔ እመራለሁ። ካሸነፍከኝ ማሙሽ እንዳልከኝ ቅበረኝ።»

የስፌት ማሽኑ ቀጥ አለ። አናጢውም እንጨት እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆሟል። በሰው ፊት እምቢ ማለት ለወንድም ጋሼ ሞት ነው።

«ይሁና! ሰምታችኋል» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ጨዋታው ተጀመረ። ወንድም ጋሼ ማስቲሹን እያስሸተተ ምክሩን ያዘንበው ነበር። «ማሙሽ፣ ምክር ልለግስህ። ከተሞችህን ከዋና ከተማህ አታርቅ፤ ሩቅ ያለ ሕዝብ ያምጻል።» «መጀመሪያ ትልቅ ሐውልት ሥራ፤ ስም ያስጠራሃል።» «ፈረሰኛ ላይ አትሰስት፤ ፈረሰኛ ያለው አገር አለው።» አማችየውም በማያውቀው እየገባ «ልክ ነው፣ ፈረስ ነው ዋናው!» ይላል።

ማሙሽ የተባለውን ሁሉ ገልብጦ ሠራ። ሐውልቱን ትቶ መጀመሪያ ሰፋሪ ላከ። ሐውልት የሚያቆመው ሌላው መሬት ሲይዝበት ቆሞ ያያል፤ መሬት የያዘ ግን ሐውልቱን በኋላም ይደርስበታል። ሰፋሪ ሳይላክባት ያለፈች አንዲት ተራ፣ ተጫዋቹን ዕድሜ ልኩን የምትከተለው ዕዳ ነች። ከሰፋሪ ፊት ደግሞ ቃኚ ይቅደም፤ ያልታየውን ምድር የሚሸፍነውን ጭጋግ ሳይገልጥ ከተማ የሚቆረቁር ሰው ቤቱን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ ነው። ሩቅ ደቡብ ላይ ማንም የማይፈልገው ረግረግ ነበር። አማካሪው ሳይቀር «ጌታዬ፣ ይህ ምድር ለሰው አይመችም» አለው። ማሙሽ ወደ ኋላ ዞሮ መስኮት የሌላትን፣ ማስቲሽ ማስቲሽ የምትሸተውን ክፍሉን አየ። «እኔን ይመቸኛል» አለና ከተማውን እዚያው ተከለ።

ብዙ ተራ ካለፈ በኋላ የግዛቱ ሊቃውንት ብረት ማቅለጥ ሲያውቁ፣ ብረቱ የተገኘው በዚያው ረግረግ ሥር ነው። ማሙሽ ትንፍሽ አላለም። በዚህ ጨዋታ ያገኘኸውን ሀብት ለጎረቤት አታሳይም፤ በተለይ ጎረቤትህ ወንድምህ ከሆነ።

ወንድም ጋሼ በበኩሉ በፈረሰኛ መጥቶ ሰሜን ያለችውን የማሙሽን ከተማ ያዘ። ጠባቂዋ አንድ ሽማግሌ ጦረኛ ብቻ ነበር። «ተረከብኩህ ማሙሽ!» ብሎ ሲጮኽ ከመንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። ማሙሽ ከተማዋን ያሳሳት ሆን ብሎ መሆኑን ግን አላወቀም። ሁሉን እጠብቃለሁ ያለ አንዱንም አይጠብቅም፤ አንዲቷን አጥንት ወርውሮ ውሻው እሷን ሲግጥ መንገዱን መሄድ ነው። የወንድም ጋሼ ፈረሰኛ በሙሉ ወደ ሰሜን ነጎደ።

ከዚያ በስክሪኑ ላይ የእርቅ ሐሳብ መጣ። ገባር ሁነኝ፣ ግብር ክፈለኝ፣ በሰላም ኑር ይላል።

«ተቀበል እንጂ» አለ ወንድም ጋሼ ከበስተኋላ። «እኔ እኮ ላንተ አዝኜ ነው።»

ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፤ «እሺ» እና «እምቢ»። ማሙሽ «እምቢ»ን ሲጫን ማውሱ የተሰበረ ያህል ቀጭ አለ።

ችግሩ የማስቲሹ ነገር ነበር። ማሙሽ ብረት የታጠቀ ጦር፣ ቀስተኛና ግንብ መምቻ አዘጋጅቷል፤ ግን ግማሹን እንኳ ሳያንቀሳቅስ «ደረቀ!» ይባላል። ጦር ደግሞ ተንጠባጥቦ ከሄደ ተንጠባጥቦ ይሞታል። ስለዚህ ወንድም ጋሼ እየሳቀበት፣ ረጅም ተራ እስኪያገኝ ጦሩን ጫካው ውስጥ ሰብስቦ ተራውን ዝም ብሎ ይጨርስ ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናብ ያዘ። የሚያባራ አይነት አልነበረም፤ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ለሰው አይሰማማም። ግድግዳው ወዛ፤ ጨርቁ ሁሉ እርጥበት እርጥበት አለ። ማሙሽ ተራው ደርሶ ተቀመጠ። ወንድም ጋሼ እንደልማዱ ማስቲሹን አስሸተተና ቬንትሌተሩን አዞረ። ጥቂት ቆይቶ ጣቱን አሳረፈ።

«ደረ…» ብሎ አቆመ። ጣቱን ሲያነሳ ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ተከተለው።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ይዞ ሊቀር ነው እኮ!» አለች ሰፊዋ።

ቬንትሌተሩ የሚነፋው ያንኑ እርጥብ አየር ነበር። ወንድም ጋሼ ማስቲሹን ነካ፤ አልደረቀም። ዞር ብሎ መጥቶ ነካ፤ አልደረቀም። በአፉ ሳይቀር እፍ አለበት። ማሙሽ ግን አልቸኮለም። መጀመሪያ ብረት የታጠቁትን ኮረብታው ላይ አወጣ፤ ከፍታ የያዘ ግማሽ አሸናፊ ነው። ቀስተኞቹን ከኋላቸው አደረገ። ቀስተኛን ፊት ማሰለፍ ልጅን ወደ ድብድብ መላክ ነው። ከዚያ የቀሩትን በወንድሙ የስንዴ እርሻ ላይ አንድ በአንድ አሰፈራቸው፤ መንገዱንም ቆረጠ። ግንብ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ መብላት አለበት። በመጨረሻ ግንብ መምቻዎቹን አስጠግቶ ይመታ ጀመር። ግንቡ ተሸነቆረ። ፈረሰኞቹ ሩቅ ሰሜን ናቸው።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ብረት?» አለ ወንድም ጋሼ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ከየት አመጣኸው?»

«ከረግረጉ።»

አንድ ምት ሲቀር ስክሪኑ ጥቁር አለ።

«መብራት ሄደ!» አለ ወንድም ጋሼ። ግድግዳው ሥር፣ ሶኬቱ አጠገብ ቆሟል። «በቃ፣ እግዜር አልፈቀደም። ጨዋታው ፈርሷል።»

የሰፊዋ ማሽን ድርርር ይላል። ቬንትሌተሩም ይዞራል። ሰፊዋ ቀና ሳትል፣ «እኔ ጋ አልሄደም፣ ጋሼ» አለች። አማችየው እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

ማሙሽ ተንበርክኮ ሶኬቱን ሰካና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ እንደ አሮጌ መኪና እያጓራ ተነሳ። ጌሙ ተራው የተጀመረበትን ቦታ ራሱ አስቀምጦት ነበር፤ የጠዋቱ ልፋት በሙሉ ቀልጧል። ማሙሽ እጅጌውን ሰበሰበና ኮረብታውን፣ ቀስተኛውን፣ እርሻውን፣ መንገዱን እንደገና አሐዱ ብሎ ጀመረ። ዝናቡ አላባራም፤ ማስቲሹም አልደረቀም። ግንቡ ተናደ። ጢማሙ አማካሪ ብቅ አለና፣ «ጌታዬ፣ ከተማይቱ የእርስዎ ናት» አለ።

ሰፊዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ከደነችው።

ወንድም ጋሼ ሳቅ ሳቅ አለ። «ወይ ማሙሽ! ጨዋታና ቁም ነገር ይምታታብሃል ልበል? በኮምፒውተር ጨዋታ ሱቅ ይሰጣል እንዴ? እሺ፣ ደግሞ እንዳይከፋህ፤ ማዶ ትሄዳለህ። እሱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንተ ደግሞ ከኋላ ክፍል ቆራጭ።»

«አብረን እንሠራለና፣ ማሙሽዬ» አለ አማችየው።

ማሙሽ ሽርጡን ፈታ። በራሱ ገንዘብ የገዛውን የስፖንጅ መቁረጫ ከግድግዳው አወረደ። ዓመታት ሙሉ ከካርቶን እየቀረጸ ያጠራቀማቸውን የሶፋ ልኮች በገመድ አስሮ ብብቱ ሥር ከተታቸው።

«ወዴት? ልኮቹ የቤቱ ናቸው!»

«ቤቱ ሲቀርጽ አላየሁም።»

«አብደሃል! ማን ያውቅሃል ውጭ? እናታችን ምን ትላለች?»

«እናታችን ስም አውጥታልኛለች» አለ። «በሱ ትጠራኛለች።»

በዝናብ መንገዱን ተሻግሮ አናጢው ቤት ገባ። አናጢው የሶፋ እንጨት እየላገ ነበር።

«ጥግ ስጠኝ።»

«ወንድምህስ?»

«ወንድሜ ሱቅ አለው።»

አናጢው ሌላ አልጠየቀም። ብናኙን በእግሩ ገፋ አድርጎ ጥጉን አሳየው።

ሳምንቱ ሳያልፍ ወንድም ጋሼ መጣ። ከበሩ አላለፈም። እመቤቲቱ ማዕዘን የሚዞር ሶፋ አዘው፣ አማችየው ስፖንጁን አይጥ የቀረጠፈው አስመስሎት፣ እሳቸው ማዶ ቆመው ያንን የድሮውን ቆራጭ አምጡልኝ እያሉ ነው። «ና፣ ቆርጠህላቸው ትመለሳለህ» አለ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ አይደለህ እንዴ? የማዶውን ሱቅ ቁልፍም ቢሆን እንነጋገርበታለን።»

ሰውየው ስፖንጁ ላይ እንዳጎነበሰ መልስ ሰጠ።

«ሴትየዋን ወደዚህ ላክልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ደንበኛዋን ወደዚህ ላካቸው፤ ሶፋቸውን እዚህ እሠራላቸዋለሁ።»

ወንድም ጋሼ በሩን ሞልቶ ቆመ። ዓይኑ አናጢው ላይ፣ ልኮቹ ላይ፣ እንደገና ወንድሙ ላይ ዞረ። አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከበሩ ፈቀቅ ይበሉ» አለ። «ልኩ እንዳይበላሽበት፤ ብርሃን ጋረዱበት።»